አስቸኳይ፦ ሁሉም ብርብራን እየመረጠ ጉማሬውን በ16 ሰከንድ ይገድለዋል

ታንኳ ሠሪ (ጠያቂ)፣ ማታ 1፡40
ሰላም ቤተሰብ፣ እባካችሁ ድረሱልኝ። ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ጌሜን ለመምህራን አሳያለሁ። ባለታንኳው ሌቨል 10 ሲደርስ ከሦስት ዘርፍ አንዱን ይመርጣል፦ ጦር፣ መረብ፣ ብርብራ (ዓሣ የሚያደነዝዘው የዛፍ ፍሬ፣ ጦሩ ላይ የሚቀባ መርዝ)። ከሰዓት ማንጎ ፓርክ ቁጭ ብለን ሰባት ሰዎች ሞከሩት። ስድስቱ ብርብራን መረጡ። ቦሱን (ዋናውን ጠላት)፣ ጉማሬውን፣ በ16 ሰከንድ ገደሉት! በጦር ወደ 100 ሰከንድ ነው የሚፈጀው። የጦሩንና የመረቡን ጉዳት በስንት ላብዛው? ቶሎ በሉልኝ፣ መብራት ከሄደ ላፕቶፔ ብዙ አይቆይም።

ፖሊ ማዶ
የቦሱን ላይፍ በአምስት አባዛውና ተኛ።

ሸምበቆ
ወንድሜ፣ ቁጥሩን ሳትነግረን እንዴት እንርዳህ? ላይፉ ስንት ነው? ጦሩ በሰከንድ ስንቴ ይመታል? ብርብራውስ? በምንድን ነው የምትሠራው?

ታንኳ ሠሪ
ይቅርታ፣ ተጣድፌ ነው። በጎዶት 4 ነው። ጉማሬው 5000 ላይፍ አለው። ጦር በሰከንድ 2 ጊዜ፣ አንዱ ምት 25። ብርብራ የተቀባው ጦርም በሰከንድ 2 ጊዜ ነው፣ አንዱ ምት ግን 15። ከዚያ መርዙ ለ10 ሰከንድ፣ በየሰከንዱ 20 ይጎዳል። መረብ አሥሮ ያቆማል፣ ጉዳቱ ትንሽ ነው።

የጣና ነፋስ
እኔ ችግሩ አልታየኝም። ጌሙ ለአንድ ሰው ነው አይደል? ማንም ከማንም ጋር አይዋጋም። ስድስት ሰው አንዱን ከወደደው ወደደው ነው። ሚዛን ሚዛን የምንለው ሰው ከሰው በሚጋጠምበት ጌም ነው። ደስ ያላቸውን ነገር ለምን ታበላሻለህ?

ታንኳ ሠሪ
ደስ አላላቸውም እኮ! አንዱ «ይኸው ነው?» ብሎ ስልኩን አወጣ። ጉማሬው በ30ኛው ሰከንድ ይሰጥማል። ውኃው ጸጥ ይላል፣ አረፋ ብቻ ይታያል። ከዚያ ታንኳውን ከሥር ይገለብጠዋል። ሦስት ወር የሠራሁት እሱን ነው። ከስድስቱ አንድም ሰው አላየውም።

የጣና ነፋስ
እሺ፣ ይሄን ቀድመህ ብትነግረን ጥሩ ነበር። አሁን ገባኝ።

ፖሊ ማዶ
እኮ ላይፉን 25000 አድርገው ነው የምልህ። ያኔ 30ኛው ሰከንድ ላይ ይደርሳሉ።

ሸምበቆ
25000 ካደረገው በጦር የሚጫወተው 500 ሰከንድ ሊወጋ ነው። ስምንት ደቂቃ ከ20 ሰከንድ አንድ ጉማሬ ላይ! ጥፋቱ የብርብራ ሆኖ ቅጣቱ ለጦረኛው?

እንቦጭ ነቃይ
ብርብራን ስላስገባህ ብቻ እጅህ ይባረክ። አያቴ ዓሣ አስጋሪ ነበሩ፣ ብርብራ የሚያፈስ ሰው ሲያዩ ደማቸው ይፈላ ነበር። ፍሬው ተፈጭቶ ውኃ ውስጥ ሲገባ ዓሣው ትንፋሽ ያጥረውና ይንሳፈፋል። ትልቁንም ጫጩቱንም አይለይም። የጣና ዓሣ እንቁላሉን ሊጥል ወደ ጉማራና ወደ ርብ ወንዝ በሚወጣበት ሰሞን ሲደረግማ የሚቀጥለውንም ዓመት ጨረስከው ማለት ነው።

ይሄን ወደ ጌሙ አምጣው። ብርብራ የተጠቀመ ሰው በዚያ ዳርቻ ለሦስት ቀን ዓሣ አያገኝ። ጦረኛውና መረበኛው አጥምደው ይበላሉ፣ እሱ ስንቁን ከገበያ ይግዛ። ደግሞ መርዙ በረጋ ውኃ ይቆይ፣ በወራጅ ውኃ ቶሎ ይታጠብ። ያኔ ተጫዋቹ የት እንደሚዋጋ ማሰብ ይጀምራል። ጉማሬው ግን በመርዝ ዝም ብሎ የሚሞት አይመስለኝም፣ በጣም ትልቅ ነው 😄

የቆሎ ተማሪ
ልጄ፣ እኔ ጌም አልጫወትም፣ ልጆቼ ሲጫወቱ ግን አያለሁ። ባለፈው የለጠፍከውን የጌምህን ሥዕል ሳይ፣ ሌላውን ገጸ ባሕርይህን፣ ደብተራውን፣ ድግምት የሚወረውር ሰው ብቻ አድርገኸዋል። አሳዝኖኛል። ደብተራ ማለት መዘምር ነው፣ የቅኔና የአቋቋም ሰው ነው። በጎጃም አፈር ላይ ተቀምጠህ ይሄን ማለፍ የለብህም።

ዘርፍ ዘርፍ ትላላችሁ። የአብነት ትምህርት ቤቱ ከእናንተ በፊት ዘርፍ ነበረው። ሁሉም መጀመሪያ ንባብ ቤት ይገባል። ፊደል ሳይለይ ወደ ዜማ የሚሄድ የለም። ከዚያ ዜማ ቤት፣ ቅኔ ቤት፣ አቋቋም ቤት አለ። መጻሕፍት ቤት የደረሰው ደግሞ ብሉይ፣ ሐዲስ፣ ሊቃውንት፣ መነኮሳት ብሎ ይለያል። ለድጓ ቤተልሔም፣ ለአቋቋም ጎንደር፣ ለቅኔ ጎጃም እየተባለ ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ በእግሩ አገር ያቋርጣል። ዘርፉን ከዝርዝር ላይ ነክቶ አያገኘውም፣ ሄዶ መምህሩን ያገኛል። ቅኔ ቤት የገባው ደግሞ ዜማ ቤት ከቀረው «በላጭ» አይባልም። ሥራቸው የተለያየ ነው። አንዱ የተቀኘውን ሌላው በዜማ ያወጣዋል።

ታንኳ ሠሪ
ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ደብተራውን አስተካክለዋለሁ። ንባብ ቤቱን እስከ ሌቨል 10 የጋራ ባደርገውና ከዚያ ዜማ እና ቅኔ ብዬ ብከፍለውስ?

የቆሎ ተማሪ
ተባረክ። ለቅኔው ሰምና ወርቁን አትርሳ። ሲነገር ሁሉም የሚሰማው አንድ ነገር ይሁን፣ ቆይቶ የሚፈታው ሌላ ይሁን።

የጣና ነፋስ
ይሄ እኮ በጣም ያምራል። ደብተራው ቃሉን ሲናገር ትንሽ ብርሃን ብቻ ይታያል፣ ከአሥር ሰከንድ በኋላ ወርቁ ይፈታና ጠላቱ ይመታል። ጠላት ሰሙን ብቻ አይቶ ይቀርባል!

ሸምበቆ
ወገን፣ ልጁ ነገ ጠዋት ነው የሚያሳየው። ታንኳ ሠሪ፣ ይሄን በደንብ አንብበው።

ወረቀት ላይ አሰላሁት። ብርብራ እንዳሰብከው ቢሠራ በሰከንድ 2 ምት በ15 ሲባዛ 30፣ መርዙ 20፣ ድምሩ 50 ነው። ጦር ደግሞ 2 በ25፣ እሱም 50። ስለዚህ ቁጥሮችህ እኩል ናቸው! ችግሩ ቁጥሩ ላይ አይደለም። ጉማሬው በ16 ሰከንድ የሚሞተው እያንዳንዱ ምት አዲስ መርዝ ሲጨምርበት ብቻ ነው። በ10ኛው ሰከንድ 20 መርዝ በአንዴ ይሠራል፣ በሰከንድ 400 ማለት ነው። እስከዚያ 2300 ያህል ላይፍ ሄዷል። የቀረው 2700 በ430 ሲካፈል ስድስት ሰከንድ ምናምን። ያልከው 16 ላይ ቁጭ አለ።

ጦሩ ሲያርፍ የሚሠራውን ኮድ ክፈት። በየምቱ አዲስ ታይመር እየፈጠርክ መሆን አለበት። መጀመሪያ «ይሄ ጠላት መርዝ አለበት ወይ?» ብለህ ጠይቅ። ካለበት የነበረውን ታይመር ወደ 10 መልሰው። ከሌለበት ብቻ አዲስ ጨምር። የጦሩንና የመረቡን ጉዳት እንዳትነካ!

ፖሊ ማዶ
ሸምበቆ አንበሳ ናት። ላይፉን ተወው፣ 5000 ይሁን።

ታንኳ ሠሪ
አምላኬ! አዎ፣ በየምቱ አዲስ ታይመር ነው የምፈጥረው። አሁን እሞክራለሁ።

ሌቨል 99
እግረ መንገድ አንድ ነገር። ምርጫውን መመለስ ይቻላል? ዲያብሎ 2 የሚባለው ጌም በ2000 ሲወጣ (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው) እያንዳንዱ ክላስ (የገጸ ባሕርይ ዓይነት) ሦስት የክህሎት ዛፍ ነበረው፣ ግን ነጥብህን አንዴ ካፈሰስክ አለቀልህ። ነጥብ መልሶ መመደብ የተፈቀደው በ2010 ነው። እኔ አንድ ጠንቋይ አበላሽቼ ከዜሮ የጀመርኩበት ሌሊት አይረሳኝም። ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍትም በ2012 ዛፎቹን አንስቶ በ2022 መልሷቸዋል። እነዚያ ሁሉ ባለሙያዎች እየነቀሉ ከተከሉ አንተም በአንድ ሌሊት አይለቅልህም፣ አትጨነቅ። ሰው ሌቨል 10 ላይ ምኑንም ሳያውቅ ነው የሚመርጠው። ወደ ዳር ወጥቶ ታንኳውን በሚያደርቅበት ቦታ ዘርፉን እንዲቀይር ፍቀድለት።

እንቦጭ ነቃይ
ታንኳ ማድረቅ አለበት? የደንገል ታንኳ ውኃ እንደሚጠጣ አስበህ ከሆነ ሠሪ ነህ!

የጣና ነፋስ
ቆይ፣ አንድ ነገር አልነገርከንም። ስድስቱ ብርብራን መረጡ። ሰባተኛውስ?

ታንኳ ሠሪ
ታናሽ እህቴ ናት። መረብ መረጠች። ጉማሬውን ገና አልገደለችውም። መረቡን ጣል አድርጋ ስታቆመው ታንኳውን በጎኑ አሳልፋ ከኋላው ትሄዳለች፣ እንደገና ትጥላለች። ሲገለብጣት ጮኸች፣ ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። «አንዴ ብቻ፣ አንዴ ብቻ» እያለች እስኪመሽ ላፕቶፑን አልሰጠችኝም።

ሸምበቆ
ታዲያ ነገ ለመምህራኑ መረቡን አሳያቸው! ጦርና ብርብራ ሁለቱም መወርወር ነው፣ ልዩነቱ ቁጥር ብቻ ነው። መረብ ግን ታንኳውን የምትቀዝፍበትን መንገድ ይለውጣል። ዘርፍ ማለት እሱ ነው። ታይመሩን ካስተካከልክ በኋላ ለብርብራም እንዲህ ያለ ሥራ ፈልግለት። እንቦጭ ነቃይ ያለው የወራጅ ውኃ ነገር ጥሩ መነሻ ነው።

ታንኳ ሠሪ፣ ማታ 4፡15
ታይመሩን ቀየርኩት። ልሞክረው ስል መብራት ሄደ። ባትሪ 18 በመቶ ነው። ሴቭ አድርጌ ዘግቼዋለሁ፣ ጠዋት በሌሊት ተነስቼ አየዋለሁ። ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ።

ፖሊ ማዶ፣ በማግሥቱ ጠዋት 5፡20
እንዴት ሆነ? ጉማሬው ሰጠመ?

ሸምበቆ፣ 7፡05
እኛ ሰፈር መብራት የመጣው አሁን ነው። እሱ ጋ መጥቶ ይሆን?