በስሎ የታሸገ ባርቤኪው ጎድን፦ ጫፉ ደርቆ መሐሉ የማይሞቀው ለምንድን ነው?
(ከየመልእክቱ በላይ ያለው የጸሐፊው ቅጽል ስም ነው።)

ሰፌድ
ከጅምላ መደብር የሚገዛው፣ በስሎና ሶስ ተቀብቶ አየር በተመጠጠበት ፕላስቲክ የታሸገው ጎድን ነው፤ 1.1 ኪሎ። ካርቶኑ «ኦቨን 190 ዲግሪ (375 ፋራናይት)፣ ሳይሸፈን፣ 35 ደቂቃ» ይላል። በተባለው መሠረት ሲሠራ ጫፍ ጫፉ ጠፍር ይሆናል፣ ሶሱ ይጠቁራል፣ መሐሉ ግን ለብ ከማለት አያልፍም። ጥፋቱ የኦቨኑ ነው፣ የመመሪያው ነው ወይስ የሥጋው?
ሌላም አለ። ፕላስቲኩ ሲቀደድ ሶሱ ሥር እንደ ማርማላታ የረጋ ቡናማ ነገር ይገኛል። ይበላል ወይስ ይደፋል?

ፎይልና ብራና
መመሪያው ነው። «ሙሉ በሙሉ የበሰለ» የሚል ከተጻፈበት ሥጋው ፋብሪካ ውስጥ ለሰዓታት በዝግታ በስሎ ያለቀ ነው፤ ጅማቱ ሟሙቶ ጀላቲን ሆኗል። ቤት ውስጥ የሚቀረው ሥጋውን ርጥበቱን ሳያጣ ማሞቅና ሶሱን ላዩ ላይ ማጣበቅ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ዝግ ያለ እሳትና ክዳን ይፈልጋል፣ ሁለተኛው ኃይለኛ እሳትና ጥቂት ደቂቃ። ሁለቱን በአንድ እሳት ልጨርስ ሲባል ነው ሶሱ ውስጥ ያለው ስኳር ሥጋው ሳይሞቅ ቀድሞ የሚያርረው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ኦቨኑን 150 ዲግሪ (300 ፋራናይት) ላይ አሙቁ። ጎድኑን ከፕላስቲኩ አውጡ፤ አንዳንዱ እሽግ ውስጥ ሁለት ግማሽ ጎድን ተደራርቦ ስለሚጣበቅ መለያየታቸውን እዩ። መሐሉ ቀዝቃዛ ሆኖ የሚቀረው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። አጥንቱን ወደ ታች፣ ሥጋውን ወደ ላይ አድርጋችሁ ትሪ ላይ አስተኙ። 3 የሾርባ ማንኪያ ውሃ ትሪው ላይ ጨምሩ፤ ሥጋው ላይ ከፈሰሰ ሶሱን ያጥበዋል። መጀመሪያ በመጋገሪያ ወረቀት፣ ከዚያ በላዩ በፎይል ጠርዙን ጥብቅ አድርጋችሁ ሸፍኑ። ወረቀቱን አትዝለሉት፦ ሶሱ ኮምጣጤና ቲማቲም ስላለበት ፎይሉን በቀጥታ ከነካው ይበሳሳዋል፣ ብረት ብረትም ይላል። ፎይሉ ሲነሳ ደግሞ ሶሱን ልጦት ይነሳል።

ከፍሪጅ የወጣ 1.1 ኪሎ ከ45 እስከ 50 ደቂቃ ይፈጃል። ከፍሪዘር በቀጥታ ከገባ ደግሞ የዚህን አንድ ጊዜ ተኩል አስቡ። ግን ሰዓቱን ሳይሆን ቴርሞሜትሩን እመኑ። ሹሉን በሁለት አጥንቶች መሐል፣ ሥጋው ወፈር ያለበት ቦታ ላይ ከጎን አስገቡ፤ አጥንት ከነካ ቁጥሩ አይታመንም። 74 ዲግሪ (165 ፋራናይት) ሲያሳይ ክዳኑን አንሱ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ሶስ በብሩሽ ቀቡ፣ የኦቨኑን የላይኛውን እሳት አብሩና ከእሳቱ 15 ሳንቲሜትር ያህል ዝቅ አድርጋችሁ ከ3 እስከ 4 ደቂቃ አቆዩት። እዚያው ቆማችሁ ጠብቁ። ሶሱ ላይ ትንንሽ አረፋ ጥቅጥቅ ብሎ ሲንተከተክ እየተጣበቀ ነው። አረፋው ትልልቅ ሆኖ ጠርዝ ጠርዙ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ሲጀምር ወዲያው ይውጣ፤ ከዚያ በኋላ ያለችው ግማሽ ደቂቃ ሶሱን መራራ ታደርገዋለች።

የማንኪያ ጀርባ
የረጋውን ነገር እንዳትደፉት! የሥጋው መረቅ ነው። ጀላቲኑ ፍሪጅ ውስጥ ሲቀዘቅዝ ይረጋል፣ ሲሞቅ ይፈሳል፤ የብልሽት ምልክት አይደለም። ብልሽት የሚታወቀው ፕላስቲኩ ተነፍቶ ሲገኝ፣ ሲቀደድ የሚገፋ ሽታ ሲወጣ፣ ወይም ሥጋው ላይ የሚያሙለጨልጭ ነገር ሲኖር ነው። የተነፋውን ሳይቀምሱ መጣል ነው፣ «እስቲ ልቅመሰው» የሚባልበት ነገር አይደለም።

መረቁን እንዳለ ሥጋው ላይ መተው ግን ሌላ ችግር ያመጣል፦ ሲሞቅ ሶሱን ያቀጥነዋል፣ የቀጠነ ሶስ ደግሞ የላይኛው እሳት ስር አይጣበቅም፣ ትሪው ላይ ወርዶ ነው የሚያርረው። በማንኪያ ጠርጋችሁ ትንሽ ድስት ውስጥ አድርጉት። ላዩ ላይ የረጋውን ነጭ ስብ ግፈፉ። በመካከለኛ እሳት ከ6 እስከ 8 ደቂቃ ይንተክተክ። ማንኪያ ነክራችሁ ጀርባው ላይ በጣት መስመር ስትሠሩ መስመሩ ተመልሶ ካልተከደነ ደርሷል። መጨረሻ ላይ የሚቀባው ይኼው ነው፣ ሌላ ጠርሙስ መክፈት አያስፈልግም። በጣም እንዲወፍር ግን አትተዉት፤ ውሃው በሄደ ቁጥር ጨው ይበረታል፣ መጀመሪያውኑም ጨው አላነሰውም። ከበዛ አንድ የሻይ ማንኪያ ኮምጣጤና ትንሽ ውሃ ያስተካክለዋል።

ቶሎ ይድረስ
ለአንድ ሰው እራት ኦቨን ለአንድ ሰዓት ማብራት ምን የሚሉት ነው? ማይክሮዌቭ በ4 ደቂቃ ይጨርሰዋል።

ፎይልና ብራና
ሙሉውን ጎድን በሙሉ ኃይል ካስገባችሁት በ4 ደቂቃ ይበላሻል እንጂ አያልቅም። ማይክሮዌቭ እኩል አያሞቅም፤ አንዱ ጥግ ሲፈላ ሌላው ቀዝቃዛ ይቀራል፣ ሶሱ እየፈነዳ ግድግዳውን ይለቀልቃል፣ ቀጭኑ ጫፍ ይጠነክራል።
ለአንድ ሰው ከሆነ ግን ሐሳቡ ልክ ነው፤ አያያዙ ብቻ ይለወጥ። ሁለት ሁለት አጥንት አድርጋችሁ ቁረጡት፣ ወፍራሙን ጎን ወደ ሳህኑ ዳር አዙራችሁ መሐሉን ባዶ ትታችሁ ደርድሩ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ውሃ ጨምራችሁ ክደኑ። ኃይሉን ግማሽ ላይ አድርጋችሁ 2 ደቂቃ፣ አገላብጣችሁ ደግሞ አንድ አንድ ደቂቃ እየጨመራችሁ እስከ 74 ዲግሪ። ከዚያ ሳይገለጥ 2 ደቂቃ ይረፍ፤ ሙቀቱ ወደ መሐል የሚደርሰው ያኔ ነው።
ኤር ፍራየር (በሞቀ ነፋስ የሚያበስል ማብሰያ) ያለውም እንደዚሁ ቆርጦ፣ በወረቀትና በፎይል ጠቅልሎ በ160 ዲግሪ 12 ደቂቃ ያህል ማሞቅ ይችላል፤ ገልጦ የሚያቆየው የመጨረሻዎቹን 2 ደቂቃ ብቻ ነው። ነፋሱ ያልተሸፈነ ሥጋ ያደርቃል።

ሰፌድ
ተገልጧል፣ አመሰግናለሁ። አንድ ቀረኝ፦ 74 ደርሶም አጥንቱ አጠገብ ሐምራዊ የሚመስል ቀይ ነገር ይታያል፣ ሥጋውም ጥርስ ይይዛል። ጥሬ ነው ማለት ነው?

ካርቶን አንባቢ
ቀለም አይፈርድም። በጭስ የበሰለ ሥጋ ላዩ ሥር ቀይ መስመር ይይዛል፣ ናይትራይት (ሥጋ እንዳይበላሽ የሚጨመር ጨው) የገባበትም እንደዚያው። 74 ካነበበና ሙሉ በሙሉ የበሰለ ከሆነ ጥሬ አይደለም።
ጥርስ መያዙ ግን ፋብሪካው ቶሎ አውጥቶታል ማለት ነው። ጎድን በደንብ ለስልሶ ከአጥንቱ የሚላቀቀው 90 ዲግሪ አካባቢ ቆይቶ ነው። ስለዚህ ክዳኑን ሳታነሱ፣ ውሃ ጨምራችሁ፣ በዚያው 150 ዲግሪ ሌላ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ አቆዩት። ተሸፍኖ ከሆነ አይደርቅም። በተቃራኒው ሲነሳ አጥንቱ እጅ ላይ የሚቀር፣ ሥጋው የሚፈራርስ ዓይነት ካጋጠማችሁ አልፎበታልና ምንም አይደረግለትም፤ አታገላብጡት ብቻ።

ጥርስ የሚይዘው አንዳንዴ ሥጋው ሳይሆን በአጥንቱ በኩል ያለው ስስ ሽፋን ነው። ብዙዎቹ አምራቾች አያነሱትም። ቀዝቃዛ ሳለ ጫፉን በማንኪያ እጀታ ፈልቅቃችሁ፣ በወረቀት ፎጣ ይዛችሁ ወደ ሌላኛው ጫፍ ሳቡት። የበሰለ ስለሆነ እየተበጣጠሰ ያስቸግራል፤ እምቢ ካለ በቢላ ሰያፍ ሰያፍ ቁረጡት፣ ያ ይበቃል።

ካርቶኑን ከመግዛታችሁ በፊት እንጂ ቤት ገብታችሁ አታንብቡት። «ቤቢ ባክ» ወይም «ሴይንት ሉዊስ» የሚባሉት የአሳማ ጎድን አቆራረጦች ናቸው፣ ፊት ለፊት «አሳማ» የሚለው ቃል በደቃቅ ፊደል ሊሆን ይችላልና የማይበላ ሰው ይጠንቀቅ። ክብደቱ አጥንቱንም ሶሱንም ይጨምራል፤ 1.1 ኪሎ ሲባል 1.1 ኪሎ ሥጋ አይምሰላችሁ፣ አጥንቱን ቆጥራችሁ ለሰው ስንት ስንት እንደሚደርስ አስሉ። ሶዲየም (ጨው ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር) የሚለው ቁጥር ደግሞ የአንድ ድርሻ ብቻ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ2000 ሚሊግራም በታች ነው የሚመክረው፤ ግማሹን ጎድን ለብቻው የበላ ሰው የስንት ሰው ድርሻ እንደበላ እዚያ ያያል።

የማንኪያ ጀርባ
ከተፈጨ ድንችና ከማካሮኒ ጋር በአንድ ትሪ የሚሸጠውን የያዘ ካለ፦ ጎድኑን አውጥታችሁ ለብቻው አሙቁት። ድንቹ 20 ደቂቃ አይፈልግም፣ ጎድኑን ሲጠብቅ ቅርፊት ይሠራል። ጥቁሩ ትሪ ደግሞ ኦቨን ይችላል ተብሎ በግልጽ ካልተጻፈበት አይግባ፤ ማይክሮዌቭ የሚችል ሁሉ ኦቨን አይችልም።

ሰፌድ
ግማሹን ለሌላ ቀን ማስቀመጥስ?

ፎይልና ብራና
ሳይሞቅ በፊት ክፈሉት። ቀዝቃዛ ጎድን በሁለት አጥንት መሐል ቢላ ሲገባበት ጥርት ብሎ ይቆረጣል፣ የሞቀው ይፈራርሳል። ለዛሬ የማይሆነው ሳይሞቅ ተጠቅልሎ ወደ ፍሪጅ ይመለስ፤ ከ3 እስከ 4 ቀን ይቆያል። ለበለጠ ጊዜ ከሆነ ከጥቂት መረቁ ጋር በከረጢት አድርጋችሁ አየሩን አስወጥታችሁ ፍሪዘር ውስጥ አስገቡ፣ 2 ወር ያህል ጣዕሙን ይዞ ይቆያል። ሲወጣ ፍሪጅ ውስጥ አንድ ቀን ይፍታ፣ ጠረጴዛ ላይ አይሁን። ከተቸኮለ ከረጢቱ እንደታሰረ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ፣ ውሃውን በየ30 ደቂቃው እየቀየራችሁ። ሞቆ ጠረጴዛ ላይ ከ2 ሰዓት በላይ የቆየውን ግን አትመልሱት።