ጉማሬ በቆሎውን ጨረሰብን፤ ዋልካ ላይ ቦይ ይይዛል?

ማሳችን ጣና ዳር ነው፣ ከባሕር ዳር ብዙም አይርቅም። ሁለት ጥማድ በቆሎ አለን። ከውሃው የሚለየን ቀጭን የደንገል ጥሻ ብቻ ነው። ጉማሬዎቹ ሲመሽ ይወጣሉ፣ ሳይነጋ ይመለሳሉ። መንገዳቸው ሁሌም አንድ ነው። ግራና ቀኙ እግራቸው ያረፈበት ሰርጉዷል፣ መሃሉ ሣሩ እንዳለ ቆሟል፤ መኪና የሄደበት ነው የሚመስለው። ከሚበሉት ደግሞ የሚረግጡት ይብሳል።

መጀመሪያ በግራር እሾህ አጠርን። ደረታቸውን ሰጥተው ጥሰውት ገቡ። እሳትና ጄሪካን መደብደብ በመጀመሪያው ሰሞን ሠርቶ ነበር፤ አሁን ለምደውት ቀና ብለው እንኳ አያዩንም። ጅራፉም ያው ነው። ጠጋ ብሎ ማባረር የማይታሰብ ነው። ከአንድ ቶን በላይ የሚመዝን እንስሳ ቢሆንም ከሰው ይፈጥናል፤ በተለይ ወደ ውሃው የሚመለስበትን ከዘጉበት አለቀ። መግደል አንፈልግም፣ ሕጉም አይፈቅድም።

ጉማሬ አይዘልም፣ ቀጥ ያለ ግድግዳ መውጣትም አይሆንለትም። ስለዚህ በሐይቁ በኩል ቦይ ልንቆፍር አስበናል። ችግሩ አፈሩ ዋልካ ነው። በበጋ ይሰነጠቃል፣ ክረምት ሲገባ ይናዳል። ለሙከራ የቆፈርናት ጥግ በከባድ ዝናብ ተደርምሳ ጭራሽ ለእነሱ መውጫ ሆነች። ለካብ የሚሆን ድንጋይ በቅርብ የለም፣ ለማስጫኛም አቅም የለንም።

ዋልካ ላይ ቦይ ቆፍራችሁ ጉማሬ ያስቆማችሁ ካላችሁ፣ ግድግዳው በክረምት እንዳይናድ በምን ያዛችሁት?