የልጄ ድልድይ መሃሉ ላይ እየፈረሰ ነው፤ ኦርጅናል ሌጎ ላስመጣ ወይ?

የናቲ እናት (ጠያቂ)
ሰላም ለቤቱ። አስቸኳይ ነው። ናቲ አዲሱን የአባይ ድልድይ በሌጎ፣ በሚገጣጠሙት የፕላስቲክ መጫወቻ ጡቦች፣ ሠርቶ ነገ ጠዋት ትምህርት ቤት ሊያቀርብ ነው። ምሰሶና ማማው ቆሟል፤ መሃሉ ግን እጃችንን ስናነሳ ይዘረገፋል። ጡቦቹን ከገበያ ነው የገዛኋቸው። አንዳንዱ አልገባም ይላል፣ አንዳንዱ ገና ሲነኩት ይወልቃል። ልጁ እያለቀሰ ነው። ሌላው ደግሞ፣ አሜሪካ ያለው ወንድሜ ሻንጣ እያሰናዳ ነው። «የኤፍል ታወሩን ሌጎ ላምጣለት?» ብሎ ዛሬ ማታ መልስ ይጠብቃል። ዋጋውን ሳየው ደነገጥኩ። ለፕላስቲክ ይሄን ያህል ማውጣት ያዋጣል? የድልድዩን ፎቶ አያይዣለሁ።

ዘጌ ቡና
ስንት ነው ዋጋው?

የናቲ እናት
ከ600 ዶላር በላይ።

ዘጌ ቡና
በዚህ ብር እውነተኛ ብሎኬት ገዝተሽ አጥርሽን ጨርሺ!

ጣና ዳር
ጡቦቹን በለብታ ውሃና በሳሙና እጠቧቸው። የልጅ እጅ ቅባት አያጣውም፤ ቅባት ካለው ያንሸራትታል። ውሃው ግን እንዳይሞቅ።

ሉላ
ሱፐር ግሉ። አለቀ።

ጡረተኛው መምህር
ነገሩን ከሥሩ እንየው። ሌጎ የዴንማርክ ድርጅት ነው። እ.ኤ.አ. በ1932 ቢሉንድ በምትባል ቦታ አንድ አናጺ ጀመረው፤ ያኔ የሚሠራው ከእንጨት ነበር። ዛሬ የምናውቀው የፕላስቲክ ጡብ የፈጠራ መብት የተጠየቀበት በ1958 ነው። የዚያን ጊዜ ጡብ ዛሬ ከሚሸጠው ጋር ይገጥማል። ብሩ የሚሄደው እዚህ ላይ ነው። ከላይ ያሉት ጉጦች በሌላው ጡብ ግድግዳና በውስጡ ባለው ቱቦ መካከል ተጨናንቀው ነው የሚያዙት። ልኩ ከፀጉር ውፍረት ባነሰ እንኳ ቢዛነፍ ወይ አይገባም ወይ ይወልቃል። የናቲ ጡቦች ችግርም ይኸው ነው። ደግሞ ባለ ስምንት ጉጥ ጡብ ስድስት ብቻ ቢኖራችሁ፣ በ915,103,765 ዓይነት መንገድ ልትገጣጥሟቸው ትችላላችሁ። ይህን ያሰሉት የሒሳብ ሰዎች ናቸው፤ ስሌቱም…

ሉላ
ጋሼ፣ ልጁ እያለቀሰ ነው እኮ። ቂቂቂ።

አባይ ማዶ
እኔ ጥያቄው ራሱ አልተዋጠልኝም። ኦርጅናል ካልሆነ ቆሻሻ ነው ያለው ማነው? የጡቡ የፈጠራ መብት ካበቃ ቆይቷል፤ ተመሳሳይ ጡብ መሥራት ወንጀል አይደለም፣ ጥሩ የሚሠሩም አሉ። የናንተው ከየፋብሪካው የተቀላቀለ ስለሆነ ነው የማይስማማው። ደግሞስ የኤፍል ታወሩ ለማን ነው? ሳጥኑ ላይ 18+ ይላል። 10,001 ቁራጭ ነው፣ ሲቆም አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ይሆናል። አጎትየው ራሱ ሊጫወትበት እንዳይሆን!

የናቲ እናት
ሱፐር ግሉ ቤት አለ። ላድርገው?

ጣና ዳር
እጠቢው ብዬሻለሁ እኮ እህቴ። በለብታ ውሃ።

ሉላ
ካልሆነ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ። ፕላስቲክ ያጣብቃል ሲሉ ሰምቻለሁ።

ሰብሳቢው
ኧረ እንዳትነኪው! አሴቶን ካለበት ፕላስቲኩን ያሟሟዋል። ሱፐር ግሉም ካደረግሽ ጡቡ ሁለተኛ አይፈታም።

ግንበኛው
እኔ ሌጎ ነክቼ አላውቅም፤ ግንብ ግን እንጀራዬ ነው። ፎቶውን አቅርቤ አየሁት። ከሁለተኛው ምሰሶ አለፍ ብሎ መጋጠሚያው ከላይ እስከ ታች አንድ መስመር ሆኗል። ቀዩ በቀዩ ላይ፣ ነጩ በነጩ ላይ እኩል ተቀምጧል። እኔ ብሎኬት እንዲህ ብደረድር በዚያው ቀን እባረራለሁ። የላይኛው ጡብ የታችኛውን መጋጠሚያ ረግጦ ማለፍ አለበት። የመንገዱን ወለል አፍርሱና ስስ በሆኑት ጠፍጣፋዎች ሥሩት፤ ሦስት ንብርብር ይሁን፣ መጋጠሚያው እንዳይገናኝ። የሚወልቁትን ጡቦች ጭነት የሌለበት ቦታ ለጌጥ አውሏቸው።
ከዚያ ሲባጎ ፈልጉ። እውነተኛው ድልድይ 380 ሜትር ነው፤ ከማማዎቹ የወረዱት ኬብሎች ወለሉን ያግዙታል። ልጁ ማማውን ሠርቶ ኬብሉን ትቶታል። ከማማው ግራና ቀኝ እኩል ወጥሩት። ባንድ ወገን ብቻ ከሳባችሁ ማማው ይወድቃል።

አባይ ማዶ
ግንበኛው አንደኛ!

ሰብሳቢው
ልክ ነው። ስሶቹ ሦስቱ ሲደረቡ የአንድ ጡብ ቁመት ስለሚሆኑ ከፍታውም አይበላሽም።
ስለ ዋጋው እኔ ልናገር። የኤፍል ታወሩ እ.ኤ.አ. በ2022 ሲወጣ 629.99 ዶላር ነበር። ለ10,001 ቁራጭ ካካፈልሽው አንዱ 6 ሳንቲም ገደማ ነው። ትንንሾቹ ሳጥኖች ብዙ ጊዜ በቁራጭ ሲሰላ ይበልጣሉ። ተሠርቶ አያልቅም፤ ፈርሶ ሌላ ነገር ይሆናል፣ ለታናሽም ይተርፋል። የመሥሪያ መመሪያውም ቢጠፋ ከድርጅቱ ድረ ገጽ በነጻ ይወርዳል። ስለዚህ ዋጋው ይገባዋል። ለናቲ ግን አሁን አይደለም። አብዛኛው አንድ ዓይነት ግራጫ ነው፣ ሥራውም ተደጋጋሚ ነው። አሁን ለልጁ የሚጠቅመው የተለያየ ቅርጽና ቀለም ያለው ጡብ ነው። ወንድምሽ «ክላሲክ» የሚባለውን ትልቁን ሳጥን ያምጣ፤ ረጃጅም ጠፍጣፋዎች ለብቻ ካገኘ ይጨምርበት። ብርቱካናማውን የጡብ መንቀያም እንዳይረሳ፤ ልጆች በጥርሳቸው ነው የሚነቅሉት፣ ጡቡንም ጥርሳቸውንም ይጎዳሉ። ሻንጣ ከጠበበው ካርቶኑን ይጣልና ከረጢቶቹን በልብስ መሃል ይበትናቸው። ቁጥር የተጻፈባቸውን ግን እንዳይከፍታቸው።

ጡረተኛው መምህር
አንድ ነገር ልጨምር። ነጩን መስኮት ላይ አታስቀምጡት፤ በባሕር ዳር ፀሐይ ቶሎ ቢጫ ይሆናል።

ጣና ዳር
ታጠበ ወይስ አልታጠበም?

አባይ ማዶ
የናቲ እናት ጠፋች። ሲባጎ እየወጠረች ይሆናል።

ዘጌ ቡና
የናቲ እናት፣ ወንድምሽ ኪሎ ከተረፈው ለኔም ያቺን ታይታኒክ ይዞልኝ ይምጣ። 9,090 ቁራጭ ናት አሉ። ሚስቴ ግን እንዳትሰማ።