የእንጦጦው የስፔስ ምርምር ማዕከል ወዴት ይሂድ?

የክርክሩ ጥያቄ፦ በ2014 ዓ.ም. የስፔስ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ከጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ጋር ተዋህዶ አንድ ተቋም ሆነ። ጂኦስፓሻል የምንለው ድሮ ካርታ ሥራ ሲባል የነበረውን ነው። ታዲያ እንጦጦ ላይ ያለው ማዕከል ከአሁን በኋላ በሳተላይትና በካርታ ላይ ያተኩር፣ ወይስ ሩቅ ከዋክብትን የሚያጠናው ምርምርም በራሱ በጀት ይቀጥል?

የአፈር ባለሙያ፦ አቋሜን በቀጥታ ልናገር። ሳተላይትና ካርታ ይቅደም። ዶላር ለማዳበሪያና ለመድኃኒት በሚሻማበት አገር፣ ጋላክሲ ማጥናት ተራው ገና ነው። የበረሃ አንበጣውን ዘመን አስታውሱ። አንበጣ እንቁላሉን የሚጥለው እርጥብ አሸዋ ላይ ነው። የሚፈለፈለውም አዲስ ለምለም ባለበት ነው። ያንን ለምለም ሰው እግሩ ሳይደርስ የሚያሳየው ሳተላይት ነው። ለገበሬው የሚደርስለት ይሄ ነው።

ከሽሮ ሜዳ፦ እኔ ሳይንቲስት አይደለሁም፣ ግን ተራራው ሥር ነው ያደግሁት። ክረምት ሲገባ እንጦጦ ላይ ጉሙ ምን እንደሚመስል ጠይቁኝ። ከሰኔ እስከ መስከረም ሰማይ የሚታይበት ሌሊት ብርቅ ነው። የከተማው መብራት ደግሞ በየዓመቱ እየሰፋ ነው። ያ ሁሉ ገንዘብ የወጣበት ቴሌስኮፕ እዚያ ላይ ምን ያያል?

የፊዚክስ መምህር፦ እህቴ፣ ስለ ጉሙም ስለ መብራቱም ልክ ነሽ። እዚያ ያሉት ባለ 1 ሜትር ሁለት ቴሌስኮፖች ናቸው። ከፍታው 3,200 ሜትር ገደማ ነው፣ ግን አዲስ አበባ ከእግሩ ሥር ናት። ለትልቅ ምርምር የተሻለ ቦታ ፍለጋ ላሊበላ አካባቢ ያሉ ከፍታዎች ሲጠኑ የቆዩትም ለዚህ ነው። እዚያ ከ4,000 ሜትር በላይ የሚደርስ ተራራ አለ፣ ትልቅ ከተማም በቅርብ የለም። ደግሞ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን የሰሜኑንም የደቡቡንም ሰማይ አብዛኛውን እናያለን። ይህን አውሮፓ አያገኘውም።

ግን ወንድሜ የአፈር ባለሙያው ላይ ልመለስ፣ ዋናው ልዩነታችን እዚያ ነው። የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና መጠቀች። 70 ኪሎ ግራም ገደማ ትመዝን ነበር። ከወጪዋ 6 ሚሊዮን ዶላር ያህሉን ቻይና እንደሸፈነች በወቅቱ ተዘግቧል። መቀበያ ጣቢያዋ እንጦጦ ላይ ነው። ደስ ብሎን አድረናል፣ እኔም አልቅሻለሁ። ነገር ግን የተሠራችው ለሁለት ዓመት አገልግሎት ነበር። በዓመቷ ታኅሣሥ 13 ቀን 2013 ሁለተኛዋ ተከተለች፣ እሷ ደግሞ 10 ኪሎ እንኳ አትሞላም። ሳተላይት ዕድሜዋ አጭር ነው። ዕድሜዋ ሲያልቅ የሚቀረን ሰው ነው።

ያ ሰው ከየት ይመጣል? የደበዘዘ የጋላክሲ ምስል ላይ እውነተኛውን ብርሃን ካሜራው ራሱ ከሚፈጥረው የሐሰት ነጠብጣብ መለየት የተማረ ልጅ፣ ነገ የሳተላይት ምስል ስትሰጠው አይቸገርም። ሒሳቡ ያው ነው፣ ካሜራውም በአሠራሩ ያው ነው። ማስተርስና ፒኤችዲ የሚማሩ ልጆች ሩቅ ጋላክሲ ላይ ሲሠሩ የከረሙት ለጌጥ አይደለም። እዚያው ታስተምር የነበረችው የጋላክሲ ተመራማሪ ሚርያና ፖቪች በ2018 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፍ የሳይንስ ሽልማት አግኝታለች። እንዲህ ያለ ስም በአንድ ጀምበር አይገኝም።

የአፈር ባለሙያ፦ ጋሼ፣ ስለ ሰው የሚሉት ገብቶኛል። ግን ያ ልጅ በቀጥታ ከሳተላይት ምስል ጤፍና ስንዴ መለየት ላይ ለምን አይሠለጥንም? በጋላክሲ በኩል ለምን ይዞራል?

ከሜሪላንድ፦ እኔ ከምኖርበት ሩቅ ያልሆነ ቦታ፣ ግሪንቤልት ላይ፣ የናሳ ጎዳርድ ማዕከል አለ። የሀብል ቴሌስኮፕ የሚመራው ከዚያ ነው። ምድርን የሚያየው የላንድሳት ሳይንስም እዚያው ነው። ሁለቱ አንድ ግቢ ውስጥ ሲሠሩ ኖረዋል። ስለዚህ ውህደቱ በራሱ አያስፈራኝም። የሚያስፈራኝ በጀቱ ነው። ካርታ ዛሬ የሚጠይቀው አለ። መሬት አስተዳደር ይፈልገዋል፣ መንገድ ሥራ ይፈልገዋል። ጋላክሲን ግን «አስቸኳይ ነው፣ ለነገ አድርሱልኝ» የሚል ቢሮ የለም። አንድ ኪስ ውስጥ ከገቡ የትኛው እንደሚራብ ግልጽ ነው።

የፊዚክስ መምህር፦ ተባረክ፣ የኔም ነጥብ ይሄው ነው። ለጤፍና ስንዴው ጥያቄ ደግሞ መልስ አለኝ። ሴንቲኔል 2 የሚባለው የአውሮፓ ሳተላይት፣ እያንዳንዱ ነጥብ 10 ሜትር መሬት የሚያሳይበትን ምስል በየጥቂት ቀኑ በነፃ ይለቃል። ላንድሳትም ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነፃ ነው። ፍላጎታችን ምስል ብቻ ከሆነ ማዕከልም ሳተላይትም አያስፈልገንም፣ ኢንተርኔትና ጥሩ ኮምፒውተር ይበቃል። የራሳችንን ነገር መሥራት ከፈለግን ግን ካሜራውን፣ ቴሌስኮፑን፣ ምህዋሩን ከሥሩ የሚያውቅ ሰው ያስፈልገናል። ያ ሰው የሚወጣው ከምርምር ቤት ነው።

ስለዚህ የምለው ይህ ነው። እንጦጦ የሳተላይት መቀበያና የተማሪ ማሠልጠኛ ሆኖ ይቀጥል። ለሥልጠና የጥቅምትና የኅዳር ጥርት ያለ ሰማይ ይበቃል። የሕዋ ምርምሩ በተቋሙ ውስጥ ሌላ ሥራ የማይነካው የራሱ የበጀት መደብ ይኑረው። ላሊበላ ደግሞ ሰላም ሲሰፍን ይጀመር።

ከሽሮ ሜዳ፦ ትምህርት ቤቶችም በየተራ ወጥተው ይዩት። ፓርኩን ለማየት ስንት ሰው ይወጣ የለ?

የአፈር ባለሙያ፦ የበጀት መደቡን እቀበላለሁ፣ ትንሽ እስከሆነ ድረስ። ላሊበላ ላይ ግን አልስማማም። እዚያ ተራራ ላይ መንገድ፣ መብራትና ኢንተርኔት ማድረስ ብቻውን የስንት ዓመት ወጪ ነው? በዚያ ገንዘብ የሰሜን ወሎ ወረዳዎች ጤና ጣቢያ ይጠገን ብል ማን ይከራከረኛል?

የፊዚክስ መምህር፦ እኔ እከራከርሃለሁ። ግን መጀመሪያ ጤና ጣቢያው ይጠገን፣ በዚህ አንለያይም።