ጀርባችሁን ለዓለም ስጡ ተባልን

የፒያሳው፦ ቅዳሜ ዕለት አራት ኪሎ አንዲት ትንሽ ጋለሪ ውስጥ መስመርና መረብ በመሣል ስለምትታወቀው አሜሪካዊት ሠዓሊ አግነስ ማርቲን ውይይት ነበር። አቅራቢው በደንብ ተዘጋጅቷል፣ አልዋሽም። መጨረሻ ላይ ግን ምን አለ? «ጀርባዬን ለዓለም ሰጥቼ ነው የምስለው ትል ነበር። የአዲስ አበባ ሠዓሊም ከሷ ይማር፤ ከግርግሩ ይውጣ፣ ውስጡን ያዳምጥ።» ቤቱ በጭብጨባ ቀለጠ። እኔ ደሜ ፈላ። ሰፈሬ ፈርሷል። ስቱዲዮ የምላት አንድ ክፍልም አብራ ሄዳለች። ሸራዎቼ ዘመድ ቤት አልጋ ሥር ናቸው። የትኛው ዓለም ነው ጀርባዬን የሚጠብቀው?

እርሳስና ማስመሪያ፦ እኔም ነበርኩ። አንተም አጨብጭበሃል፤ አይቼሃለሁ።

የፒያሳው፦ ለይሉኝታ ነው።

እርሳስና ማስመሪያ፦ ይሁን። ግን ሴትዮዋንና አቅራቢውን ለያይ። ማርቲን በ1967 እ.ኤ.አ. ከኒውዮርክ የወጣችው ተመችቷት አይደለም። የምትሠራበት ሕንፃ ሊፈርስ ነበር። ከአእምሮ ሕመም ጋርም ስትታገል ኖራለች። የሥዕል ዕቃዋን ለሰው አድላ በመኪና ጠፋች። ለዓመታት ሥዕል አልሠራችም። ኋላ ኒው ሜክሲኮ ገብታ በጭቃ ጡብ ቤቷን በገዛ እጇ ሠርታ ነው እንደገና የጀመረችው። አንተን ያማረረህ ነገር እሷንም አግኝቷታል።

የፒያሳው፦ መኪና ነበራት አይደል? በቃ፣ መልሱን አንተው ሰጠኸኝ።

እርሳስና ማስመሪያ፦ ከዚህ ሁሉ መኪናዋ ብቻ ነው የታየህ?

የካዛንቺስ እናት፦ ገባ ልበል። እኔም ሥነ ጥበብ የተማርኩ ነኝ። ጀርባዬ ላይ ልጅ አዝያለሁ። መጀመሪያ እሱን የሚያወርድልኝ ሰው አምጡ፣ ከዚያ ጀርባዬን ለፈለጋችሁት እሰጣለሁ። ማርቲን ልጅ አልነበራትም፣ ብቻዋን ነው የኖረችው። ይህን ሳይነግሩን «ተማሩ» ይሉናል።

ኢንጂነሩ፦ እኔ ግን አንድ ነገር አልገባኝም። የሴትዮዋን ሥዕል በስልኬ አየሁት። መስመር ነው። ካሬ ደብተር! የኔ ልጅም ታሰምረዋለች።

እርሳስና ማስመሪያ፦ ይኸው መጣ። ወንድሜ፣ በስልክ የማርቲንን ሥዕል አይቼዋለሁ ማለት አይቻልም። እርሳሱ የሸራው ሸካራ ቦታ ላይ ሲደርስ ይንገዳገዳል፤ ያንን በስልክ አታየውም። አሠራሯን ልንገርህ። ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ትጠብቃለች። በሐሳቧ የቴምብር ያህል ትንሽ ምስል ይመጣላታል። ከዚያ ወረቀት ላይ ሒሳብ ትሠራለች፣ በየመስመሩ መካከል ያለውን ርቀት ታሰላለች። ያንን ቴምብር ጎኑ 1 ሜትር ከ83 ሳንቲ ወደሆነ ካሬ ሸራ ታሳድገዋለች። ያልጣማትን ታጠፋዋለች። ልጅህ ስንት ደብተር ቀድዳ ጥላለች?

ኢንጂነሩ፦ እኔ እኮ ሒሳቡን አልናቅኩም። ሒሳብ ሥራዬ ነው። ግን እኔ ሳሰላ ፎቅ ይቆማል።

የፒያሳው፦ አዎ፣ የኔ ሰፈር ላይ።

ጋሽ ቀለሙ፦ ልጆች፣ ኢንጂነሩን አትቆጡት። ይህ ወሬ እዚህ አገር አዲስ አይደለም። ሠዓሊው ገብረ ክርስቶስ ደስታ ከጀርመን ተምሮ መጥቶ በ1950ዎቹ አብስትራክት፣ ማለት ነገሩን እንዳለ የማያሳይ ሥዕል፣ ሲያሳይ «ይህ የኢትዮጵያ ሥዕል አይደለም» ያሉት ነበሩ። አሁን ስድስት ኪሎ በስሙ ሙዚየም አለ። «ጎልጎታ» የሚለውን ሥዕሉን ሄዳችሁ እዩት። ቀዩን ብቻ ቁማችሁ እዩ። ኢንጂነር፣ አንተ ደግሞ ብሔራዊ ቴአትር ፊት ያለው አንበሳ ሥር ፎቶ ተነስተህ ታውቃለህ?

ኢንጂነሩ፦ በሠርጌ ቀን ሳይቀር፣ ጋሼ።

ጋሽ ቀለሙ፦ ጋማው ጠጉር አለው? ድንጋይ ላይ የተሰለፈ ቅርጽ ነው። ፈረንሳዊው ሞሪስ ካልካ ነው የቀረጸው። ለዚያ አልተቆጣህም።

ኢንጂነሩ፦ አንበሳ መሆኑ ያስታውቃላ!

የፒያሳው፦ ጋሽ ቀለሙ፣ ከይቅርታ ጋር፣ ገብረ ክርስቶስ የኔ ምስክር ነው። እሱ መቼ ለዓለም ጀርባውን ሰጠ? አስተማሪ ነበር። በአማርኛ ግጥም ጻፈ፣ ያውም ስለ አገሩ። በደርግ ጊዜ ተሰደደ፣ ኦክላሆማ ላይ ሞተ። ፊቱን ወደ ዓለም አዙሮ ነው የኖረው፣ ሥዕሉም አብስትራክት ነበር። ሁለቱ አይጣሉም። አቅራቢው ግን ቀላል ሥዕል ለመሥራት ዝም በሉ ይለናል።

እርሳስና ማስመሪያ፦ ዝም በሉ አላለም።

የፒያሳው፦ «ከግርግሩ ይውጣ» ምንድን ነው ታዲያ? ሰፈር ሲፈርስ ግርግር ነው? ሰው ዕቃውን ተሸክሞ ሲሄድ ያየሁትን ብስል ውስጤን አላዳመጥኩም ማለት ነው?

ሐረግ፦ እኔ ከእርሳስ ጎን ነኝ። ብራና ላይ ያለውን ሐረግ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሰው የለበትም፣ ታሪክ አይነግርም። መስመር ከመስመር ተጠላልፎ ይሄዳል። ያንን የሣለ ሰው ከማን ጋር ይጨቃጨቅ ነበር? ጸጥ ብሎ ሠራ። ገዳም ገብቶ ጀርባውን ለዓለም የሰጠ ሰው እኛ አገር ይከበራል። ፈረንጅ ሲለው ብቻ ለምን ደማችን ይፈላል?

የካዛንቺስ እናት፦ መነኩሴ ሥራውን ጋለሪ አይሸጥም።

ሐረግ፦ ጸሐፊም ሠዓሊም ዋጋ ይከፈለው ነበር፣ እህቴ። በነጻ የተጻፈ ብራና ብዙ አይደለም።

የካዛንቺስ እናት፦ እሺ፣ ይከፈለው። ግን አሁን ጸጥ ያለ ሥዕል የሚገዛው ማን ነው? የሆቴል ሎቢ። ከሶፋው ጋር የሚሄድ፣ እንግዳ የማይረብሽ፣ ነጣ ያለ። እኔ ራሴ ሸጫለሁ። ገዢው ቀለሙን መጋረጃው ላይ አስጠግቶ ነው ያየው። ስለ ውስጣዊ ሕይወቴ አልጠየቀኝም።

እርሳስና ማስመሪያ፦ ይህ የገዢው ጥፋት ነው እንጂ የሥዕሉ አይደለም። ማርቲን መጀመሪያ ያንን የመስመር መረብ ስትሥል የዛፎችን ንጽሕና እያሰበች እንደነበር ተናግራለች። ዛፍ አልሣለችም። መጋረጃም አላሰበችም። እንዲህ ማሰብ ለሆቴል መገዛት ነው ካልሽኝ መነጋገር አንችልም።

የካዛንቺስ እናት፦ እንዲህ አላልኩም። ለዚህ ጊዜ የሚሰጠን ማን ነው ነው ያልኩት። ከእናንተ መሀል ቁጭ ብሎ ቴምብር የምታህል ምስል ሲጠብቅ፣ ጓዳ ውስጥ ሽንኩርት የሚከትፍለት ሰው የሌለው እጁን ያውጣ።

ኢንጂነሩ፦ ጋሼ፣ አንበሳው ግን 1955 ነው የቆመው አይደል?

ጋሽ ቀለሙ፦ ያ የፈረንጆቹ ነው። በእኛ 1948፣ ለጃንሆይ የብር ኢዮቤልዩ፣ ለነገሡበት ሃያ አምስተኛ ዓመት። ቴአትር ቤቱም ያኔ ነው የተመረቀው።

ሐረግ፦ 1947 አይደለም?

ጋሽ ቀለሙ፦ ዘውዱ የተጫነው ጥቅምት 1923 ነው። ሃያ አምስት ደምርበት።

የካዛንቺስ እናት፦ አንበሳውን ስትጨርሱ የኔን ጥያቄ የሚመልስ አለ?

ሐረግ፦ እሺ፣ 1948። ተሸንፌያለሁ።

ኢንጂነሩ፦ እኔ ግን አሁንም ጠጉር ያለው ነው የሚመስለኝ። ነገ በዚያ ሳልፍ ቆሜ አያለሁ።