የዕቅድ ውይይት፦ ለልጆች ቤዝቦል ሊግ የምናቀርበው የጋራ ሐሳብ፣ ሁለተኛ ረቂቅ

ጸሐፊ
ለሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ሊግ የምናቀርበው የመጀመሪያ ረቂቅ የሚያወራው ስለ ምዝገባ ክፍያ ብቻ ነበር። የሊትል ሊግ (የልጆች ቤዝቦል ሊጎችን የሚመራው ድርጅት) ደንብ ራሱ ክፍያ ለመጫወት ቅድመ ሁኔታ አይሁን ይላል፤ ይህ በቅጹ አናት ላይ በአማርኛና በስፓኒሽ ይጻፍልን ብለን ብንጠይቅ ይበቃል። ልጆቹን የሚያስቀራቸው ከክፍያው በፊትና በኋላ ያለው ነው። ሐሳባችሁን በዚያ ላይ ስጡ።

ገንዘብ ያዥ
በነጻ ለሚመዘገብ ልጅ ወላጅ የገቢ ማስረጃ ያቅርብ የሚለው ባይወጣ ደስ ይለኛል። ለጋሾች ገንዘባቸው የት እንደገባ ይጠይቁናል።

የምዝገባ ኃላፊ
ጋሼ፣ እዚህ ላይ አልስማማም። በጥሬ ገንዘብ የሚከፈለው ወይም በቅርቡ የመጣ ወላጅ ወረቀት ሲጠየቅ ቅጹን ትቶ ይሄዳል፤ ለምን እንደቀረም አይነግረንም። ቅጹ ሙሉ፣ ግማሽ፣ ነጻ የሚል ምርጫ ይኑረው፤ ወላጁ አንዱ ላይ ምልክት ያድርግ። ለለጋሾች የምናሳየው በየምርጫው የተመዘገቡትን ልጆች ቁጥር ነው፣ ያለ ስም። ማን በነጻ እንደገባ አሠልጣኞችም አይወቁ።

የመኖሪያ ማረጋገጫውም ሌላ እንቅፋት ነው። በሰው ቤት ክፍል ተከራይቶ የሚኖር ቤተሰብ በስሙ የመብራት ቢል የለውም። ትምህርት ቤቱ በሊጉ ክልል ውስጥ ከሆነ ግን ትምህርት ቤቱ የፈረመበት የምዝገባ ቅጽ ይበቃል። ይህን የሚያውቅ ወላጅ ጥቂት ነው፤ በራሪ ወረቀቱ ላይ በትልቁ ይውጣ። በተጨማሪም የጸደይ ምዝገባ የሚካሄደው ገና በብርዱ ወራት ስለሆነ ዘግይቶ የሰማ ቤተሰብ ቡድኑ ሞልቶ ይደርሳል። ከየቡድኑ 12 ቦታ 2ቱ እስከ ማርች 15 ይያዙ።

ገንዘብ ያዥ
ቁጥሩ በየወቅቱ ከቀረበልኝ ተስማምቻለሁ።

የዕቃ ኃላፊ
ለአንድ ቡድን የሚያስፈልገው፦ 12 ጓንት፣ በተለያየ መጠን 6 የራስ ቁር፣ ከ28 እስከ 30 ኢንች 4 ዱላ፣ አንድ ሙሉ የካቸር (ከመቺው ጀርባ ኳስ የሚቀበለው ተጫዋች) ልብስ የጉሮሮ መከላከያ ያለው።

ከጓንቶቹ ቢያንስ 2ቱ ለግራኝ ይሁኑ። ግራኝ ልጅ በቀኝ እጁ የሚያጠልቀውን ጓንት ካላገኘ መወርወሪያ እጁ ላይ ሌላውን ያጠልቅና ኳስ በያዘ ቁጥር ማውለቅ ይገደዳል። አሠልጣኙም ልጁ አይችልም ብሎ ይደመድማል፤ ችግሩ ግን የዕቃ ነው። አዲስ ጓንት ደረቅ ስለሆነ ትንንሽ እጅ አይዘጋውም፤ ለትንንሾቹ የለሰለሰ አሮጌ ይሻላል።

በስጦታ የሚመጣ ዱላ የዩኤስኤ ቤዝቦል ምልክት ከሌለው ከ2018 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ በጨዋታ ላይ አይፈቀድም። ስንቀበል ምልክቱን እንይ፤ አለዚያ ዳኛው በጨዋታ ላይ ዱላውን ከልጁ ይወስደዋል። የተሰነጠቀ የራስ ቁር ይጣል እንጂ አይጠገን። ጫማ የላስቲክ ጥርስ ያለው ብቻ። ሂጃብ ለሚለብሱ ልጆች መርፌ የሌለው የስፖርት ሂጃብ ይኑር፤ ቁሩም በላዩ ላይ ይለካ።

አሠልጣኝ
ለእኔ ዋናው ሜዳ ላይ የሚሆነው ነው። ደንቡ እያንዳንዱ ልጅ በየጨዋታው ቢያንስ ለ6 አውት (6 የተጋጣሚ ተጫዋቾች ተራቸውን እስኪያጡ) ተከላካይ ሆኖ ይሰለፍ፣ አንድ ጊዜም ይምታ ይላል። ብዙ አሠልጣኝ ደካማ የሚላቸውን ልጆች ለመጨረሻዎቹ ኢኒንጎች (የጨዋታ ዙሮች) ያቆያል። ከዚያ ጨዋታው በነጥብ ልዩነት ወይም በመምሸቱ ባጭሩ ያልቅና ልጁ ሳይጫወት ወደ ቤቱ ይሄዳል። ስለዚህ የምንጠይቀው፦ ባለፈው ጨዋታ ብዙ የተቀመጠ ልጅ በሚቀጥለው ከመጀመሪያው ኢኒንግ ይሰለፍ፤ ሁሉም ልጅ በተራ ይምታ፤ በተከታታይ 2 ኢኒንግ ማንም አይቀመጥ፤ በየሁለት ጨዋታው ሁሉም ልጅ አንድ ኢኒንግ ከቤዞቹ (ሯጮች ከሚረግጧቸው ማረፊያዎች) አጠገብ ይጫወት። ራይት ፊልድ (ኳስ እምብዛም የማይደርስበት የሜዳው ቀኝ ዳር) ላይ ብቻ የቆመ ልጅ ኳስ ሳይነካ ወቅቱን ይጨርሳል። የተሰለፉበት ወረቀት ለሊጉ ይግባ፤ ያለ ወረቀት ይህ ሁሉ ከንቱ ነው።

በ10 ዓመቱ የሚጀምር ልጅ በ5 ዓመታቸው ከጀመሩት ጋር እኩል እንዲመዘን መጠበቅ የለብንም። ከወቅቱ በፊት 4 ሳምንት በትምህርት ቤት ጂም በለስላሳ ኳስ ይለማመድ። ኳስ ሲመጣ ፊቱን የሚያዞር ልጅ በጠንካራ ኳስ ከተጀመረ ቶሎ ያቆማል።

አማካሪ
መግቢያው የልመና ድምፅ አለው። በ1955 (እ.ኤ.አ.) የካነን ስትሪት የሚባል የሊትል ሊግ ጥቁር ልጆች ቡድን በሳውዝ ካሮላይና ነጮቹ ቡድኖች አንጫወትም ብለው ስለወጡ ያለ ጨዋታ አሸነፈ፤ ከዚያ “ተጫውቶ አላለፈም” የሚል ደንብ ተጠቅሶበት ከሚቀጥለው ውድድር ታገደ። ሴቶች ልጆችም እስከ 1974 በሊትል ሊግ ደንብ የተከለከሉ ነበሩ። ስለዚህ የምንጠይቀው ደንብ እንዲስተካከል መሆኑ በግልጽ ይጻፍ።

የምዝገባ ኃላፊ
መጓጓዣ ቀረ። ልምምድ 5፡30 ላይ ሲሆን (በአሜሪካ ሰዓት) ብዙ ወላጅ ሥራ ላይ ነው። ከአንድ ትምህርት ቤት የመጡ 3 ልጆች በአንድ ቡድን ይመደቡ፤ አንድ መኪና ይበቃቸዋል። ሁሉንም ልጆቻችንን ግን አንድ ቡድን ውስጥ አናከማች፤ “የድሆቹ ቡድን” ይባላል። አሽከርካሪው የሊጉን የኋላ ታሪክ ምርመራ ያለፈ ይሁን፤ አንድ ልጅ ብቻውን አይጫን። የእሑድ ጨዋታ ከቅዳሴ በኋላ፣ በአሜሪካ ሰዓት ከቀኑ 1 በኋላ ይሁን፤ በጾም ወቅት ከጨዋታ በኋላ የሚታደለው ፍራፍሬ ይሁን።

ጸሐፊ
እቀበላለሁ። የዕቃ ኃላፊው ዝርዝሩን በዋጋ፣ አሠልጣኙ የሰልፍ ወረቀቱን ናሙና እስከ ዓርብ ይላኩ። የቀረው ጥያቄ አንድ ነው፦ የሰልፍ ደንቡን የማይጠብቅ አሠልጣኝ ምን ይደረግ? መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ፣ ቀጥሎ የአንድ ጨዋታ እገዳ ብዬ ጽፌዋለሁ፤ የምትቃወሙ ካላችሁ አሁን ተናገሩ።