ክርክር፦ ኮሌጅ ላይ ያበራ የሆኪ ተጫዋች ታችኛው ሊግ ከቀረ፣ ኮሌጁ ምን ጠቀመው?

አወያይ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ዛሬ ክርክሩ በአንድ ሰው ታሪክ ላይ እንዲያተኩር ፈልጌያለሁ። ድሩ ሌብላንክ ይባላል። የእኛው የሚኒሶታ ልጅ ነው፤ ዱሉዝ አጠገብ ካለችው ኸርማንታውን። በኤንኤችኤል፣ ማለትም በሰሜን አሜሪካ ትልቁ የበረዶ ሆኪ ሊግ፣ ድራፍት (ቡድኖቹ ወጣት ተጫዋቾችን በተራ የሚመርጡበት) የመረጠው ቡድን አልነበረም። ለሴንት ክላውድ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሲጫወት በ2011 ኖቬምበር እግሩ ተሰበረ፤ ያ ዓመት አለቀበት። በጉዳቱ ምክንያት አንድ ዓመት ተጨመረለትና ለአምስተኛ ዓመት ተመለሰ። 13 ጎል አገባ፣ 37 አሲስት (ለጎል ያበቃ ቅብብል) ሰጠ። ትምህርት ቤቱ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ በአገር አቀፉ የኮሌጅ ሻምፒዮና ከመጨረሻዎቹ አራት ቡድኖች ገባ። እሱም በ2013 የሆቢ ቤከርን ሽልማት ወሰደ፤ የኮሌጅ ሆኪ የዓመቱ ምርጥ ማለት ነው። በዚያው ሰሞን ለቺካጎ ብላክሆክስ ፈረመ። በኤንኤችኤል የተጫወተው ግን ሁለት ጨዋታ ብቻ ነው። ቀጥሎ ሮክፎርድ፣ ከሥር ባለው ሊግ በኤኤችኤል። ከዚያ ጀርመን፣ አውግስቡርግ፤ እዚያ ለዓመታት ተጫወተ።

ጥያቄው ይህ ነው፦ ይህ መንገድ ለልጆቻችን የምንመኘው መንገድ ነው? አዲሱ የኮሌጅ ደንብ ከወጣ በኋላስ መንገዱ ክፍት ነው?

የካምፓሱ ልጅ፦
እኔ በግልጽ ልናገር። አምስት ዓመት በጣም ብዙ ነው። ሌብላንክ ሽልማቱን ሲወስድ 23 ዓመቱ ነበር። ማክሊን ሴለብሪኒ ይህንኑ ሽልማት ለቦስተን ዩኒቨርሲቲ ተጫውቶ በ2024 ሲያገኝ 17 ዓመቱ ነው! አንድ ዓመት ተጫወተ፣ የኤንኤችኤሉ ሳን ሆዜ በድራፍቱ አንደኛ አድርጎ መረጠው፣ ሄደ። ጃክ አይክልም በ2015 ሽልማቱን ወስዶ ከአንድ ዓመት ኮሌጅ በኋላ ሄደ። በ23 ዓመቱ የሚጀምር ሰው ሰውነቱ ሊደርስበት የሚችለው ጫፍ ላይ ደርሷል። ቡድኖቹም ይህን ያውቃሉ፤ ለ19 ዓመት ልጅ ይታገሣሉ፣ ለእሱ አይታገሡም።

ጋሽ መምህር፦
ልጄ፣ የጠራሃቸው ሁለቱ ልጆች በአሥር ዓመት አንዴ የሚገኙ ናቸው። በእነሱ ልክ ጫማ ሰፍተህ ለሁሉም ልጅ አታልብስ። ሌብላንክን 18 ዓመቱ ላይ ማን ፈለገው? ማንም። «ቶሎ ቢወጣ ኖሮ» የምትለው፣ ወዴት ነው የሚወጣው? የሚጠራው በሌለበት! ኮሌጁ ጊዜ አልወሰደበትም። ጊዜ ነው የሰጠው። እግሩ የተሰበረ ልጅ ሌላ ቦታ ቢሆን በማግስቱ ይረሳ ነበር። ትምህርት ቤቱ ግን ጠበቀው።

ደግሞ አንድ ነገር አትርሳ። ይህ ልጅ የሚማረው የሂሳብ መምህር ለመሆን ነበር። እኔ 22 ዓመት ሂሳብ አስተምሬያለሁና ይህ ነገር ልቤን ይነካዋል። ከበረዶው ሲወርድ ባዶ እጁን አይደለም።

የካምፓሱ ልጅ፦
ጋሼ፣ ዲግሪውን አልናቅኩም። ግን የአገሪቱ ምርጥ ከተባለ በኋላ ሁለት ጨዋታ ብቻ መጫወት ያማል። እሱንም የሚያመው ይመስለኛል።

ሹፌሩ፦
እኔ ስለ ዲግሪ አላወራም፤ ያየሁትን ልናገር። ከዓመታት በፊት የአንድ ታችኛው ሊግ ቡድን አውቶብስ እነዳ ነበር። ስሙ ይቅር። ዓርብ ማታ ጨዋታ፣ ቅዳሜ ማታ ሌላ ከተማ፣ እሑድ ከሰዓት ሌላ። ሦስት ቀን፣ ሦስት ጨዋታ። ቅዳሜ ሌሊት መስታወቴ ላይ ወደ ኋላ ሳይ መተላለፊያው ላይ ብርድ ልብስ አንጥፈው የተኙ ልጆች አያለሁ። ጉልበቱ ላይ በረዶ በፌስታል ያሰረ ነበር፤ በረዶው እየቀለጠ ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል። አንዱ የራስጌ መብራቱን አብርቶ ወፍራም የኮሌጅ መጽሐፍ ያነብ ነበር። «ፈተና አለብህ?» አልኩት። «ሁለት ኮርስ ቀርቶኛል» አለኝ። ዲግሪውን ሳይጨርስ ነበር ፈርሞ የወጣው። ያ ልጅ ዛሬም ትዝ ይለኛል።

የብሉሚንግተኗ እናት፦
ወንድሜ ሹፌሩ፣ አስለቀስከኝ። የእኔ ልጅ 15 ዓመቱ ነው። በሳምንት ሦስት ቀን ከንጋቱ 11 ሰዓት ከቤት እንወጣለን። ጋራዣችን ውስጥ ጓንቱና የትከሻ መከላከያው ገመድ ላይ ተሰቅሎ ሲደርቅ ሽታው እስከ ሳሎን ይገባል። አማቼ መጀመሪያ ስታየው «ይሄ ምን ዓይነት ጨዋታ ነው?» ብላ ነበር፤ አሁን ጎል ሲገባ እልል የምትለው እሷ ናት። አንድ የሆኪ ዱላ ሲሰበር የስንት ሰዓት ሥራ እንደሚሄድብኝ የማውቀው እኔ ነኝ። እና ልጄ ሁለት ጨዋታ ብቻ ቢጫወት፣ ያቺን የሁለት ጨዋታ ማልያ ፍሬም አድርጌ እሰቅላታለሁ። ውድቀት አትበሉት እባካችሁ።

ጋሽ መምህር፦
እህቴ፣ እውነት ብለሻል። ታችኛው ሊግ የወደቁ ሰዎች መጠራቀሚያ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። አይደለም። ኤንኤችኤል ላይ ከሚጫወቱት አብዛኞቹ በኤኤችኤል ያለፉ ናቸው። ማርቲን ሴንት ሉዊስን ውሰዱ። በቨርሞንት ዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት ኮከብ ነበር፤ አጭር ነው ተብሎ ማንም ድራፍት አላደረገውም። ታችኛው ሊግ ገባ። የኤንኤችኤሉ ካልጋሪ ወሰደው፣ በ2000 ለቀቀው። በ2004 ታምፓ ላይ ዋንጫ በላ፣ የሊጉም ምርጥ ተጫዋች ተባለ።

የካምፓሱ ልጅ፦
ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና አሁን እርስዎም በአሥር ዓመት አንዴ የሚገኝ ሰው ጠሩ። ታችኛው ሊግ ውስጥ አሥር ዓመት ቆይተው ስልክ ያልተደወለላቸው ስንት ናቸው? ሮክፎርድ ከቺካጎ በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ያቺን አንድ ሰዓት ተኩል መሻገር ነው ያቃታቸው። ደግሞ ኤኤችኤል ራሱ ለወጣቶች ማሠልጠኛ ስለሆነ በአንድ ጨዋታ ብዙ አንጋፋ ማሰለፍ ደንቡ አይፈቅድም። በ23 የሚገባ ሰው በ27 «አንጋፋ» ሆኖ ቦታ ያጣል። ለዚህ ነው ወደ ጀርመን የሚሄዱት።

ጋሽ መምህር፦
ይህቺን ተቀብያለሁ። የሴንት ሉዊስን ምሳሌ ማንሳቴ ልክ አልነበረም። የምታነሳው የአንጋፋ ደንብም እውነት ነው፤ ሰዓቱ ይቆጥራል። ግን ጀርመን መሄድን እንደ ስደት አትቁጠረው። አውግስቡርግ ላይ ዋና ሊግ ነው፤ ደሞዝ አለ፣ ሕዝብ በስም ይጠራሃል። እዚህ ግሩፕ ውስጥ አገር ቀይሮ ሥራ ያገኘ ሰው የለም እንዴ?

አወያይ፦
ወደ አዲሱ ደንብ እንለፍ። ባጭሩ፦ ከካናዳ ዋና የወጣቶች ሊጎች የመጡ ልጆች ኮሌጅ እንዳይጫወቱ ተከልክለው ነበር፤ የኪስ ገንዘብ ስለሚከፈላቸው እንደ ፕሮፌሽናል ይቆጠሩ ነበር። የአሜሪካን የኮሌጅ ስፖርት የሚመራው ኤንሲኤኤ በ2024 ኖቬምበር ክልከላውን አነሣ፤ ከኦገስት 1 ቀን 2025 ጀምሮ ተፈቀደ። ጋቪን ማኬና የተባለው ስመ ጥር ልጅ ወዲያው ከካናዳው የሜዲሲን ሃት ቡድን ወደ ፔን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሄደ።

የካምፓሱ ልጅ፦
እኔ ደግፌዋለሁ። ለ16 ዓመት ልጅ ሳምንታዊ የኪስ ገንዘብ ሰጥተህ «ዩኒቨርሲቲ ተዘግቶብሃል» ማለት ግፍ ነበር። ስንቱ ካናዳዊ ልጅ በዚያ ዕድሜው ሳያውቅ የኮሌጅ በሩን ዘጋ!

የብሉሚንግተኗ እናት፦
ለእነሱ ግፍ መሆኑ ገብቶኛል። ግን ወንበሩ አልጨመረም። በአንደኛው ዲቪዚዮን፣ በኮሌጅ ሆኪ ከፍተኛው እርከን፣ ያሉት ቡድኖች 60 ምናምን ናቸው። አንድ የተዘጋጀ የ20 ዓመት ካናዳዊ ሲገባ አንድ የእኛ ልጅ ይወጣል። ባለፈው አንድ አሠልጣኝ «ልጅሽ ጎበዝ ነው፣ ግን ሁለት ዓመት ሌላ ቦታ ይቆይና እናየዋለን» አለኝ። ሁለት ዓመት የት? በማን ገንዘብ?

ጋሽ መምህር፦
እኔን የሚያሳስበኝ ይኸው ነው። ማኬና የትም ቢሄድ ይደርሳል። የሚጎዳው ዘግይቶ የሚበስለው ልጅ ነው። ዛሬ ሌብላንክ 18 ዓመቱ ቢሆን ማን ቦታ ይይዝለታል? እግሩ ሲሰበርስ ማን ይጠብቀዋል? አሠልጣኙ በጸደይ አንድ ስልክ ደውሎ ከካናዳ ጤነኛ ልጅ ያመጣል። ደንቡ ይመለስ አልልም። ግን እያንዳንዱ ትምህርት ቤት ለተጎዳ ልጅ ስኮላርሺፑን እስኪመረቅ እንዲጠብቅለት በጽሑፍ ቃል ይግባ። ወላጆች ከመፈረማችሁ በፊት ይህን ጠይቁ። አሠልጣኙ ቢኮሳተርም ጠይቁ።

የካምፓሱ ልጅ፦
በዚህ እስማማለሁ ጋሼ። በአምስቱ ዓመት ግን አሁንም አልስማማም።

ሹፌሩ፦
እህቴ የብሉሚንግተኗ፣ እኔ ሐሙስ ጠዋት ሥራ የለኝም። ልጁን ልምምድ እኔ ላድርሰውና አንቺ ተኚ። አድራሻውን በውስጥ ላኪልኝ።

የብሉሚንግተኗ እናት፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ወንድሜ። 11 ሰዓት በር ላይ ይጠብቅሃል። መኪናህ ሽታ የሚችል ከሆነ ግን መስኮቱን ከፈት አድርግ።